እምብርቱ ላይ የተቀባው ቅቤ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ድሮም አልነበርኩም፣ ጅብ ሰው ይሆናል የሚሉኝን ሰዎች ፊት ለፊታቸው የምስቅባቸው ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ከብረት ጋር ነው፣ ብረት ደግሞ ሲሰበር ምክንያት አለው፣ ወይ ቅባት አጥቷል፣ ወይ አላግባብ ተመቷል፣ ወይ ዕድሜው አልቋል፣ ከዚህ ሌላ የለም። ሚስቴ እንኳ ስትቀልድብኝ «አንተ መልአክ ቢመጣብህ ብሎኑን ልትፈታ ነው የምትነሳው» ትለኛለች። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስትሰማ ጌታሁን አረጀ፣ መዘባረቅ ጀመረ እንዳትል፣ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ እመነኝ፣ ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ እኔን ደህና ሰው የሚያስመስል ውሸት አላጣም ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ነቀምቴ ከከተማው ወደ አርጆ በሚወጣው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ፣ ጋራዥ ስልህ ደግሞ አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ነጋዴ ነው፣ እኔ ግን ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ ያደግኩ ነኝ፣ በአማርኛ ተቆጥቼ በኦሮምኛ የምታረቅ ሰው ነኝ ይሉኝ ነበር ጓደኞቼ፣ ቁጣዬ ያኔም የታወቀ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ከጣልያን ጊዜ ተርፎ እዚያው የቀረ ሽማግሌ ጣልያን ነው፣ እሱም ግልፍተኛ ነበር፣ እንግዲህ ከማን እንደወረስኩት ፍረድ።

ገመቹ ጓደኛዬ ነበር። ድሬሰር ነው፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጸጥ ያለ፣ እኔ ስጮህ እሱ የሚስቅ ዓይነት ሰው፣ መርፌና የቁስል መድኃኒቱን ይዞ አንድ ቀን አርጆ፣ አንድ ቀን አኖ፣ ሲያሻው ደግሞ እስከ ጊዳ አያና ድረስ ይሄዳል። የሚሄድበትም ሞተር ብስክሌት እንዲህ እንደዋዛ ያለ አልነበረም፣ አንድ ፈረንጅና ሚስቱ ሀገር ለሀገር ሲዞሩ የመጡበት፣ መቀመጫው እንደ አልጋ የሰፋ፣ በግራና በቀኝ የዕቃ ሣጥን ያለው ትልቅ ሞተር ነው፣ ሚስትየዋ ነቀምቴ ላይ ታማ ስትወድቅ ገመቹ ነበር ያስታመማት፣ ስትድንና በአውሮፕላን ወደ ሀገራቸው ሲሄዱ ባልየው ቁልፉን ለገመቹ አስጨብጦት ሄደ። ከተማው ጉድ አለ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈታው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ነው የደረደርኳቸው፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ግን ምን ሆነ መሰለህ፣ ያ ግሩም ሞተር ኩሽኔታ መብላት ጀመረ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው በዘንጉ ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው፣ በውስጡ ትናንሽ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው፣ በደንብ ግራሶ ተቀብቶ ከገባ ስንት ዓመት ማገልገል የሚችል ነገር ነው፣ የገመቹ የፊት ጎማ ግን አንዴ ጊዳ አያና ደርሶ ሲመለስ ቅርርር እያለ መጣ፣ ቀየርኩለት፣ አኖ ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ቅርርር። መንገዱ ነው አልኩ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውሃ አስገብቶበት ነው አልኩ፣ ከአዲስ አበባ የሚላክልን ዕቃ የማይረባ ነው አልኩ፣ ዘንጉን ለካሁ፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሀል የሚገባውን ቱቦ ለካሁ፣ ሁሉም ልክ ነው። ሰው ደግሞ ማውራት ጀመረ፣ ጌታሁን ላንድሮቨር እንጂ የፈረንጅ ሞተር አይችልበትም ተባለ፣ ይቺን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ያን ጊዜ የሞተሩ ነገር ሳይሆን የስሜ ነገር ነበር ያንገበገበኝ።

አንድ ማለዳ የሞተሩን ሰንሰለት፣ ካቴናውን፣ ላጠብቅለት ብዬ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ እናቱ አዴ ዲንቂቱ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል፣ በኮባ ቅጠል ትኩስ ቅቤ ይዘዋል፣ በአውራ ጣታቸው እየቆረሱ የፊት ጎማው መሀል፣ ዘንጉ የሚወጣበት ዙሪያውን ይጠቀጥቃሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይመርቃሉ።

«አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ፈገግ አሉ፣ ጭራሽ ጥሩ ነገር ሲሠሩ እንደተገኘ ሰው ደስ ብሏቸው፣ «ኢልመ ኮ፣ መጣህ? እምብርቱን እየቀባሁለት ነዋ» አሉኝ። ኢልመ ኮ ልጄ ማለት ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ። «ልጄን ተሸክሞ አይደለም እንዴ የሚሄደው? ገመቹ ሲወለድ እምብርቱን ቅቤ ቀብቼ ነው ያሳደግኩት፣ ጥጃም ሲወለድ እንቀባለን፣ ይሄም ቤቴ የገባ ነው፣ እንዴት ደረቁን ልስደደው? መንገድ በሄደ ቁጥር እቀባዋለሁ።»

በሄደ ቁጥር! በቃ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፣ ቅቤው በፀሐይና በጎማው ሙቀት ይቀልጣል፣ በአቧራ መከላከያው ጨርቅ ሰርጎ ይገባል፣ ግራሶዬን ያቀጥነዋል፣ አጥቦ ያወጣዋል፣ ቀይ አቧራ ደግሞ ቅቤው ላይ ይለጠፍና ኳሶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ትክክል ነበርኩ፣ ዛሬም ብትጠይቀኝ ትክክል ነበርኩ እልሃለሁ። ግን የተናገርኩት ቃል! ከንዴቴ ብዛት አንቱታውን እንኳ ዘነጋሁት፣ «ልጅሽን የምትገድዪው አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ «ሰው በመንገዱ ነው በወንዙ ነው ይላል፣ ለካ ገዳዩ ቤት ውስጥ ነው! ይሄ ጎማ የተቆለፈ ቀን ልጅሽ ይሞታል፣ ደሙም በአንቺ እጅ ነው!» አልኳቸው፣ ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ ብሎ እየሰማ።

ቅቤው ከእጃቸው ወደቀ። ገመቹ የጥርስ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ከቤት ወጣና «ጌታሁን፣ በቃ! እናቴ ናት እኮ» አለኝ፣ እንደዚያ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አዴ ዲንቂቱ ግን አላለቀሱም፣ እጃቸውን አፈር ላይ ጠረጉና «ከእንግዲህ እጄ አይነካውም፣ ዋቃ ይስማኝ» አሉ፣ ዋቃ ማለት እግዜር ነው። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፣ ሲገቡ ጎንበስ ብለው ነበር፣ ደጃፉ ግን ጎንበስ የሚያሰኝ አልነበረም።

በኋላ ጋራዥ ስንመለስ ገመቹ «ልክ ነህ፣ እኔም በእምነቴ ይሄን ነገር አልቀበለውም፣ ብዙ ጊዜ ተይ ብያታለሁ» አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳቅ ብሎ «ግን እውነቱን ልንገርህ? ስትቀባው በመስኮት ሳያት ደስ ይለኝ ነበር፣ ተመርቄ የምሄድ ይመስለኝ ነበር» አለ። ጎማውን ፈታሁ፣ ውስጡን በቤንዚን አጠብኩ፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ መከላከያ፣ ያለኝን ምርጥ ግራሶ በጣቴ እየጠቀጠቅኩ ሞላሁት፣ ዘንጉን አሰርኩ፣ ጎማውን አንስቼ ባሽከረክረው ድምፅ የለ ምን የለ።

ከዚያ ወዲያ ኩሽኔታው አልተበላም። አያና ሄዶ መጣ፣ ዝም፣ አኖ ሄዶ መጣ፣ ዝም። እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ፣ አዴ ዲንቂቱን ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር «አዩ አዴ፣ አልነገርኩዎትም?» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ፈገግ ይሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ይሄን እጅ መደበቃቸውን ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የማየው፣ ዛሬ ሳስበው ግን የቀረበልኝን ምግብ ትቼ እነሳለሁ።

እንግዲህ ያቺ ቀን መጣች። ክረምት ነው፣ ገመቹ ጠዋት ወደ አርጆ ሄዷል፣ እስከ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ፣ አመሻሽ ላይ ዝናቡ ቆመና ጭጋግ ወረደ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ፣ እኔም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፣ ሴት ወፍጮ ላይ ስትፈጭ የሚሰማ ይመስላል፣ ቀስ እያለ ቀረበ፣ ቅርርር፣ ቅርርር፣ ቅርርር። አይ ገመቹ፣ ደግሞ ኩሽኔታ በልተህ መጣህ? ብዬ ለራሴ ተናገርኩ፣ አዎ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብም አዴ ዲንቂቱ ደግመው ቀብተውታል የሚል ነበር፣ ተናደድኩ፣ መፍቻዬን እንደያዝኩ ወደ ደጅ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ማንም የለም። ድምፁ ግን ይመጣል፣ ስማ እንግዲህ፣ የሞተር ድምፅ የለም፣ የዚያ ሞተር ድምፅ ከተማው ጫፍ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር፣ የምሰማው የጎማውን ብቻ ነው፣ ልክ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ሲያንደረድረው። መጣ፣ መጣ፣ በፊቴ አለፈ፣ ነፋሱ እንኳ ሱሪዬን ነካኝ፣ ከዚያ ጋራዡ ምሰሶ አጠገብ፣ ገመቹ ሁልጊዜ ሞተሩን የሚያቆምባት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ፣ ቅር፣ ቅር፣ ቅር ብሎ ቆመ። ወዲያው ቅቤ ሸተተኝ፣ የቆየ ቅቤ አይደለም፣ አሁን ከመግፊያው የወጣ ለጋ ቅቤ፣ በዚያ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ መሀል።

ጆሮዬ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድብህ ጆሮህ ምን የማይሰማው አለ? ግን ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው፣ የጎጃሙ ጋሽ ይርዳው፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ሐኪሙ ገባ አይደል? ተመስገን፣ በዚህ ጭቃ አሳስቦኝ ነበር» አሉኝ። «አዩት እንዴ?» ስላቸው «አላየሁትም፣ ጭጋግ ነው፣ ሲገባ ግን ሰማሁት፣ ያቺ ጎማው ደግሞ መጮህ ጀመረች መሰለኝ» አሉ። መሬቱን ባየው፣ በእርጥቡ ቀይ አፈር ላይ አንዲት የጎማ መስመር ከመንገዱ ተነስታ እስከ ምሰሶው ድረስ መጥታ እዚያው አልቃለች። ውሃ አልሞላባትም፣ አዲስ ናት፣ የገመቹን ጎማ ጥርስ ደግሞ እኔ ሳላውቀው ማን ያውቀዋል?

ምናልባት ቤቱ ገብቶ ይሆናል አልኩና ወደ እናቱ ዘንድ ሮጥኩ። አዴ ዲንቂቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፣ ገና ሲያዩኝ «መጣ አይደል?» አሉኝ፣ «አሁን በዚህ አለፈ፣ ሰማሁት፣ ለምን ቤቱ ሳይገባ አለፈ? አንተ ጋ ሄዶ ነው?» ግቢው ባዶ ነው። እኔም ሞኝ፣ እንደዚያ ደንግጬ እንኳ ክፋቴ አልለቀቀኝም፣ «አዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጎማውን ቀብተውታል?» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ሁለቱንም መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ልክ እንደሚፈተሽ ልጅ። «ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም፣ ዛሬ ጠዋት ሲሄድ እንኳ ጠጋ ብዬ በአፌ ብቻ መረቅኩትና እጄን ወደ ኋላ አሰርኩ» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ቅቤ የለም፣ እንዳልፈተን ብዬ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ።» እጃቸው ደረቅ ነበር፣ የተሰነጣጠቀ ደረቅ እጅ፣ ቅቤ የሚባል ካየ የቆየ።

እዚያው እንደቆምን ድምፁ እንደገና መጣ። ሁለታችንም ሰማነው፣ ከቤቱ ጀርባ ተነሳና ቁልቁል ወደ አርጆ መንገድ መሄድ ጀመረ፣ ቅርርር፣ ቅርርር፣ እየራቀ። አዴ ዲንቂቱ ክንዴን ጨብጠው «ሂድ! አንተን ነው የሚጠራው፣ እኔን ቢሆን ኖሮ ገብቶ በጠራኝ ነበር፣ ሂድ ኢልመ ኮ፣ ሩጥ!» አሉኝ። ልጄ አሉኝ፣ ያን ሁሉ ካልኳቸው በኋላ፣ በዚያች ሰዓት።

የራሴ ትንሽ ሞተር ነበረችኝ፣ አስነስቼ ተከተልኩት። እንግዲህ ይሄን እንዴት እንደማስረዳህ አላውቅም፣ የእኔ ሞተር እየጮኸ ሌላ ድምፅ ሊሰማኝ አይገባም፣ ግን ይሰማኛል፣ ሁልጊዜ ከፊቴ ካለው መታጠፊያ ወዲያ ነው፣ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ጭቃ ይዞኝ ስቆም ይቆማል፣ ይጠብቀኛል። በጭጋጉ ውስጥ አንድም ነገር አላየሁም፣ ቅቤው ብቻ ፊቴ ላይ ይሸተኛል። አንድ ድልድይ አለፍኩ፣ ዳገት ወጣሁ፣ ገና አልጨለመም፣ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድምፁ ድንገት ቀጥ አለ፣ እኔም ፍሬን ያዝኩ።

ገበሬዎች መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ከበው ቆመዋል። ገመቹ መሀላቸው ነው፣ ጋቢ አልብሰውታል፣ ፊቱንም ሸፍነውታል። ሞተሩ ቦዩ ውስጥ በጎኑ ወድቋል። ምኑን እነግርሃለሁ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ስሙን ጠራሁት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ ነገረኝ፣ ላሞች ውሃ በሚወርዱበት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቁልቁለቱን ሲመጣ የፊት ጎማው ድንገት ቆመ አለ፣ እንደ ተቸነከረ፣ ልጁም ከላይ ተወርውሮ ድንጋይ ላይ ወደቀ። እኩለ ቀን! እኔ ድምፁን የሰማሁት አመሻሽ ላይ ነው። «ወዲያው አልሞተም» አለኝ ሽማግሌው፣ «ተቀምጦ ሲያዋራን ነበር፣ በቃሬዛ እንውሰድህ ብንለው ግድ የላችሁም፣ ጌታሁን ሰምቶታል፣ ይመጣል አለን። ጌታሁን አንተ ነህ?» አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሰዎቹ ገመቹን ተሸክመው ቤቱ አደረሱት፣ ሞተሩንም በማግስቱ አምጥተው ጋራዤ ውስጥ አስቀመጡት። ከቀብር መልስ በቀን ብርሃን ፈታሁት፣ ብቻዬን። ማወቅ ነበረብኝ፣ እኔ ስሕተት ሠርቼ ከሆነ፣ አንዱን ነገር አላግባብ አጥብቄ ከሆነ፣ ማወቅ ነበረብኝ። የተቆለፈ ኩሽኔታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ይቃጠላል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኳሶቹ ይፈነካከታሉ፣ ግራሶው ከሰል ይሆናል። መከላከያውን ሳነሳ ግን ሽታው መጣ። ውስጡ ቅቤ ነው። ነጭ፣ ለጋ፣ ያልቀለጠ ቅቤ፣ አንዲት ፍሬ አቧራ የሌለበት፣ በእጄ ጠቅጥቄ የሞላሁት ግራሶ ግን ጠብታዋ የለችም። ኩሽኔታውን አውጥቼ በጣቴ ባዞረው እንደ አዲስ ይዞራል፣ አንድም ኳስ አልተሰበረ፣ አንድም ጭረት የለው። ታዲያ ምን ያዘው? ምን አቆመው? ስንት ዓመት ሙሉ ስንት መካኒክ ጠየቅኩ፣ ማንም አልመለሰልኝ።

ያንን ኩሽኔታ በቤንዚን አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅሁት፣ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንዳጠብኩት ልንገርህ፣ ፈርቼ ነው። ቅቤ ተገኘበት ብል አዴ ዲንቂቱ ዋሽተዋል ይባላል፣ ልጃቸውን በእጃቸው ገደሉ ይባላል፣ መጀመሪያ እንደዚያ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። ቅቤ አልነበረበትም ብል ደግሞ የቅቤው ምርቃት ስለቀረ ሞተ ይሆናል፣ ምርቃቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በየትም በኩል ብዞር መልሶ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው።

ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ አዴ ዲንቂቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው በሐዘን ተበትኗል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቀስ ብለው «ፈታኸው?» አሉኝ።

«ፈታሁት አዴ።»

«እንግዲህ ንገረኝ፣ አንተ ታውቃለህ። ተዪ ስትለኝ ተውኩ። ልጄ የሞተው ቀብቼው ነው? ወይስ መቀባት ትቼ ነው?»

እናት እንዲህ ብላ ስትጠይቅህ ምን ትመልሳለህ? «ብረቱ ነው አዴ» አልኩ፣ «ብረቱ መጥፎ ነበር፣ እርስዎም እኔም የለንበትም።»

«ብረቱን አሳየኝ» አሉ፣ እጃቸውንም ዘረጉ።

አወጣሁና ሰጠኋቸው፣ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ የሚያብለጨልጭ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው አዞሩት፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ጣታቸውን ሲያነሱ ጣታቸው ላይ ቅቤ ነበር። እኔ አይቻለሁ፣ ከአጠገባቸው ያለችው ሴትም አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዴ ዲንቂቱ ጣታቸውን ትኩር ብለው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ቅቤ አይቀባም፣ ስለዚህ ራሳቸው ላይ ሊጠርጉት አይችሉም፣ ይሄን እያሰብኩ ሳለ እጃቸውን ወደ እኔ አምጥተው ግንባሬን ቀቡኝ፣ በአውራ ጣታቸው፣ ያን ማለዳ የጎማውን እምብርት ሲቀቡ እንዳየኋቸው ቀስ ብለው፣ «ዋቅኒ ሲ ሃኤጉ፣ እግዜር ይጠብቅህ ኢልመ ኮ» አሉኝ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ለቅሶ ቤቱን አናወጥኩት፣ ሰው ሁሉ ለገመቹ የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ። እሳቸው ይቅር ብለውኝ ይሁን ወይስ ሌላ ነገር እያደረጉብኝ አላወቅሁም፣ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም፣ እስኪሞቱ ድረስ በየገበያው ሰላም እያሉኝ፣ እኔም እጃቸውን እየሳምኩ ኖርን።

ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ሙሉ ሞተር ነዳሁ፣ በጭቃው፣ በወንዙ፣ በአቧራው፣ ጊምቢም አርጆም አያናም፣ ሌላ ሰው ሁሉ በየክረምቱ ኩሽኔታ ይቀይራል። እኔ አንድም ቀን ቀይሬ አላውቅም። አንድም ቀን። ሙያህ ነው ይሉኛል፣ እኔም እስቃለሁ። ሌሊት ግን ግንባሬን እዳስሳለሁ፣ ያ ምርቃት የገመቹ ነበር፣ እኔ ከእሱ ላይ አስቀርቼ ለራሴ ይዤው እየኖርኩ ነው።